ጎጀብ ላይ የነዳኋት ጀልባ

ባለፈው እሁድ የእህቴ ልጅ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና “አክስቴ፣ ይህን እዪ” አለችኝ። ባህር ላይ የሚከንፍ ነጭ ጀልባ ነው። ጎረምሶች ከኋላው ተደርድረው ከቁመታቸው የሚበልጥ አሳ ሲጎትቱ ይታያሉ። እኔ አሳውን ልብም አላልኩት። ዓይኔ የሄደው ከመሪው አጠገብ ወዳሉት ማብሪያና ማጥፊያዎች ነው። “ይቺ የወለሉን ውሃ የምታወጣው ፓምፕ ናት፤ ይቺ የአሳ ማቆያው ገንዳ፤ ይሄ ሁለቱን ባትሪዎች ማቀያየሪያ” እያልኩ በጣቴ ሳሳያት አፏን ከፍታ ቀረች። እሷ የምታውቀኝ ቦንጋ ውስጥ የቡና መፈልፈያና የውሃ ፓምፕ ስጠግን ነው። ባህር በቴሌቪዥን እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። “ፈጥረሽ ነው!” አለችኝ። አልፈጠርኩም። ምሳው እስኪደርስ አስቀምጬ ነገርኳት፤ እዚህም የምጽፈው ያንኑ ነው።

አዲሱ መንግሥት ከገባ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ኢንቨስትመንት የሚለው ቃል በቦንጋ መሥሪያ ቤቶች ገና ትኩስ ስለነበር ሁሉም ሰው የሆነ ፕሮጀክት ነበረው። የጋሽ ታደሰ ፕሮጀክት ግን ለብቻው ነው። ጋሽ ታደሰ በቡና ንግድ ደህና ገንዘብ የያዙ የከተማችን ሰው ናቸው። አንድ ጊዜ ወደ ደቡብ ሐይቆች ወርደው ሰዎች ለመዝናናት ብለው አሳ ሲያጠምዱ አይተው ተመለሱ። “ሰውዬው ከፍሎ ያጠምዳል፣ ያጠመደውን አቅፎ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ መልሶ ይለቀዋል” እያሉ ሲያወሩ ሰው በሳቅ ይንከተከት ነበር። እሳቸው ግን ቀልዳቸውን አልነበረም። እዚያው ያገለገለች የአሳ ማጥመጃ ጀልባ ገዝተው በጭነት መኪና አስመጧት። ጭቃ በጭቃ ሆና ቦንጋ ስትገባ ልጆች “አውሮፕላን! አውሮፕላን!” እያሉ ተከተሏት። ከተማው አይቶ ከጠገባት በኋላ ወደ ጎጀብ ወንዝ ወረደች።

እኔ ጅማ መካኒክነት ተምሬ የተመለስኩ፣ የጋሽ ታደሰን የመፈልፈያ ሞተሮች የምጠግን ኮረዳ ነበርኩ። ከጀልባዋ ጋር የመጣው ባለሙያ የቦንጋ ብርድና ዝናብ ስላልተስማማው ቶሎ ሄደ። በቆየባቸው ጥቂት ቀናት ግን ከአጠገቡ አልተለየሁም። ሰው በሰው ፍቅር እንደሚወድቅ እኔ በዚያች ጀልባ ፍቅር ወደቅኩ። ሌላው ሰው ያየው ቅርፊቷን ነው፤ እኔን የማረከኝ ሆድ ዕቃዋ ነበር። ከወለሏ ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ ራሱ እየተነሳ የሚያወጣ ፓምፕ አላት። የተያዘው አሳ በሕይወት የሚቆይበት ገንዳ አላት፤ ሌላ ትንሽ ፓምፕ ከወንዙ ንጹህ ውሃ ይሞላለታል፣ የተረፈው በጎን ባለች ቀዳዳ ይወጣል። ከነዳጅ ታንኩ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቱቦ መሐል ላይ ነዳጅ ለመሳብ በእጅ የሚጨመቅ፣ ሎሚ የሚያህል ጎማ አለ። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በወንዙ ውሃ ስለሆነ፣ ውሃው መዞሩን የምታውቀው ከጎኑ በምትወጣ ቀጭን ፏፏቴ ነው። እሷ ከቆመች ሞተሩን ቶሎ ማጥፋት ነው፤ አለዚያ ይቃጠላል። “ሸና ወይ?” ይሉኝ ነበር የሰፈር ጎረምሶች ጠዋት ሞተር ላስነሳ ስወርድ።

እናቴ በዚህ ሁሉ ደስተኛ አልነበረችም። ሺሺንዳ ገበያ ወርዳ በተመለሰች ቁጥር አዲስ ወሬ ይዛ ትመጣለች። “ልጅሽ ጉማሬ ልትነዳ ነው ይሉኛል፤ ምን ብዬ ልመልስ?” ትለኛለች። ምኞቷ አስተማሪ እንድሆን ነበር። አስተማሪነት ክፉ ሥራ አይደለም፤ ግን እጄ ግሪስ ካልነካ የሚያሳክከኝ ሰው ነበርኩ፣ ምን ላድርግ?

ችግሩ ጋሽ ታደሰም ሙሉ በሙሉ አላመኑኝም። ጀልባዋን የሰጡኝ “ባለሙያ እስኪገኝ” ብለው ነው። ዝዋይ ሐይቅ ላይ ዕድሜውን በጀልባ የጨረሰ ሰው እንዳለ ሰምተዋል። ጥቅምት ላይ አንድ አሳ ማጥመድ የሚወዱ ዶክተር ከጅማ ሊመጡ ቀጠሮ ተያዘ፤ እሳቸው ከወደዱት ጓደኞቻቸው ይከተላሉ። ጋሽ ታደሰ በዚያን ዕለት ጠዋት ከቦንጋ ስንነሳ ሳይደብቁ ነገሩኝ። “አልማዝ፣ ዛሬ ነገር ከተበላሸ ማታ ስንመለስ ስልክ ቤት ገብቼ ሰውዬውን እጠራዋለሁ። እንዳትቀየሚኝ።” አልተቀየምኩም። መንገዱን ሙሉ ግን የፓምፖቹን ማብሪያዎች በሐሳቤ አንድ በአንድ ስቆጥር ነበር።

ከቦንጋ ወደ ጎጀብ መውረድ በራሱ ጉዞ ነው። ላይ ስትነሳ ጉሙ ደኑን ሸፍኖት ሹራብ ለብሰህ ትንቀጠቀጣለህ፤ ታች ስትደርስ ሹራቡን የት እንደምትጥለው ይቸግርሃል። በየደጃፉ የቡናው ፍሬ መቅላት ጀምሯል። መንገድ ላይ ቆመን ትኩስ ቆጮ በጎመንና በአይብ ገዛን። ጋሽ ታደሰ ጥርግ አድርገው በሉ፤ እኔ የእኔን ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ጀልባዋን የሚጠብቁት ጋሽ አደሎ ናቸው። የወንዙ አካባቢ ሰው፣ ቀጭን፣ ከወገባቸው ቢላ የማይለይ፣ ዕድሜያቸውን ዛፍ ላይ ቀፎ ሰቅለው ማር ሲቆርጡ የኖሩ ናቸው። አማርኛቸው አጭር አጭር ነው፤ ለራሳቸው ሲያንጎራጉሩ በካፊኖኖ ነው። ጀልባዋን እንደ ላም ይወዷታል። ከመጨረሻው ሙከራችን በኋላ ዝናቡ መንገዱን ዘግቶብን ለረጅም ጊዜ ሳልወርድ ቀርቼ ነበር፤ እሳቸው ግን ጠርገው፣ ወልውለው፣ በኮባ ሸፍነው ጠበቁኝ። “ጀልባው ደህና ነው። ምንም አልነካው” አሉኝ ኩራት ብለው።

ዶክተሩ ከነአሳ ማጥመጃ ዘንጋቸው ደረሱ። ሰፊ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። እኔ ባትሪዎቹን አየሁ፣ ቤንዚኑን ከዘይቱ ጋር ደባለቅሁ፣ ፓምፖቹን አንድ በአንድ አብርቼ ድምፃቸውን ሰማሁ። ወለሉ ደረቅ ነበር፤ የሚወጣ ውሃ ስለሌለ ድምፁ በቂ ነው። ሞተሩን ሳስነሳው ግን ቀጭኗ ፏፏቴ የለችም! ወዲያው አጠፋሁ። ቀዳዳዋን በሽቦ ብጎረጉር ቡኒ ነገር ወጣ፤ ሰም ነው። የሆነ ነፍሳት ገብቶ ይሆናል ብዬ አጸዳሁትና ሞተሩ እንደ ልቡ ሸና። ጋሽ አደሎ ከኋላዬ ቆመው ሽቦዬን በቅሬታ ያዩ ነበር። ያኔ ምን እንዳስከፋቸው አልገባኝም።

አራታችንም ተሳፈርን። ጋሽ አደሎ ውሃ ባይወዱም ረጅም እንጨት ይዘው የጀልባዋ አፍንጫ ላይ ተቀመጡ። ጎጀብ እዚያ አካባቢ ሰፊና ዝግተኛ ነው፤ ክረምቱ ያመጣው ቀይ ውሃ ገና አልጠራም። ዳርና ዳሩ ረጅም ደንገል፣ ከላይ የወፍ መዓት። ዶክተሩ ገና ከመጀመራቸው አንድ ቅርፊታም አሳ አወጡና ገንዳው ውስጥ ለቀቁት። ጋሽ ታደሰ ፊታቸው በራ። እኔም መተንፈስ ጀመርኩ።

ከዚያ እግሬ ረጠበ። ጎንበስ ብል ገንዳው ሞልቶ ወደ ወለሉ ይፈሳል። የገንዳውን ፓምፕ አጠፋሁና የወለሉን አበራሁ፤ ያጉረመርማል፣ ግን በጎን ምንም አይወጣም። ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ጋ ደረሰ። ባትሪዎቹ ከእኔ ኋላ ዝቅ ብለው ነው የተቀመጡት፤ እነሱን ከነካ ሁሉም ነገር ያበቃል። ይህን እያሰብኩ ሳለሁ ሞተሩ እንደ ሰው ሳል ሳል አደረገውና ጠፋ። ጀልባዋ በቀስታ ወደ ታች መንሸራተት ጀመረች። ታች ደግሞ ጉማሬዎቹ የሚውሉበት ኩሬ ነው፤ ጆሯቸው ከሩቅ ይታያል።

“አልኩ እኮ!” አሉ ጋሽ ታደሰ። “ባለሙያ ሳላመጣ ሰው ማሳፈር አልነበረብኝም። ምነው ይህን ሥራ ባልጀመርኩት!”

እውነቱን ልናገር፤ ማልቀስ አማረኝ። እጄ ግን ከእኔ ቀድሞ ወደ ነዳጁ ቱቦ ሄዷል። ያቺ ሎሚ የምታህል ጎማ ተጨምድዳ ተጣብቃለች። ነዳጅ አለ፣ ግን የሆነ ነገር ወደ ኋላ እየሳበው ነው። የነዳጅ ታንኩን ክዳን ስፈታው አየሩ “ሽሽሽ” ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። የታንኩ መተንፈሻ ተዘግቷል ማለት ነው። የገንዳው መውጫ ተዘግቷል። የፓምፑም ተዘግቷል። ጠዋት በሽቦ ያወጣሁት ሰም ትዝ አለኝና ቀና ብዬ አፍንጫዋ ላይ የተቀመጡትን ሰው አየሁ።

መጮህ እችል ነበር። ጋሽ ታደሰ በዚያች ሰዓት ቢያውቁ ኖሮ መጮህ ብቻ አይበቃቸውም ነበር። ግን አያቴም ንብ አርቢ ነበር፤ ባዶ ቀፎ ባልፈለገው ጊዜ ንብ እንዳይሰፍርበት አፉን በሰም ሲደፍን እያየሁ ነው ያደግሁት።

“ጋሽ አደሎ” አልኳቸው ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ “ንብ መጥቶ ነበር እንዴ?”

“መጣ እንጂ!” አሉ ደስ ብሏቸው። “ብዙ መጣ። ቀዳዳውን አሸተተ፣ ዞረ። ቤት ሊያደርገው ነው። ዶክተሩን ይነድፋል አልኩ። ደፈንኩ።”

“ስንት ቀዳዳ ደፈኑ?”

“ያየሁትን ሁሉ።”

ዶክተሩ ሳቃቸውን ለመዋጥ ባርኔጣቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት። ጋሽ ታደሰ አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደምኳቸው። “ደግ አደረጉ፤ ንብ ገብቶ ቢሆን ዛሬ አንሳፈርም ነበር። አሁን ግን ጀልባዋ መተንፈስ አለባት። የት የት እንደደፈኑ ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም።”

ጋሽ አደሎ ቢላቸውን መዘዙ። ውሃ የሚፈሩት ሰው በደረታቸው ተኝተው ወደ ውጭ ተንጠለጠሉ፤ እኔ በቀበቷቸው ያዝኳቸው። ሰሙን ከኮባ ቃጫ ጋር አድርገው በእንዲህ ያለ ጥራት ደፍነውት ስለነበር እኔ ብቻዬን ብሆን ከጀልባዋ ቀለም አልለየውም ነበር። የመጨረሻው ሰም ተፈንቅሎ ሲወጣ ቀዩ ውሃ በጎን ተተፋ። ጎማዋን ጨምቄ ሞላኋት፣ ቁልፉን አዞርኩ፤ ሁለቴ አንገራገረና ተነሳ። ኩሬው ጋ ሳንደርስ አዙሬ ወደ ላይ ነዳሁ። ዶክተሩ “በሉ እንግዲህ፣ አሳው ወዳለበት” ብለው መንጠቋቸውን ወረወሩ። እስከ ከሰዓት ሲያጠምዱ ዋሉ። አንድ ትልቅ አምባዛ ሲይዙ ጋሽ አደሎ ቅርፊት የሌለው አይበላም ብለው ፊታቸውን አዞሩ፤ ዶክተሩም ፎቶ ተነስተው ለቀቁት።

ማታ ከጋሽ ታደሰ ጋር መልሰን ሽቅብ ወጣን። ጉሙ ጀመረ፣ ሹራባችንን ለበስን፣ ቦንጋ ገባን። ስልክ ቤቱ ገና አልተዘጋም ነበር። ዓይኔን መሬት ተክዬ መኪናዋ እስክትቆም ጠበቅሁ። አልቆመችም። እቤታችን በር ላይ ሲያወርዱኝ እንዲህ አሉኝ። “የዝዋዩ ሰውዬ ሞተር ሳያውቅ አይቀርም። አደሎን ግን ወንዝ ውስጥ ይወረውረው ነበር፤ ከዚያ ሰሙን ስንፈልግ ጉማሬ ይበላናል።” የጀልባዋን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ማታ ማታ እየመለስኩላቸው ነበር።

ጀልባዋ ጥቂት ዓመት ሠራች። ዶክተሩ ጓደኞቻቸውን አመጡ፣ እናቴም አንድ ቀን ዓይኗን ጨፍና ተሳፈረች። በኋላ ጋሽ ታደሰ ሲደክሙ ወደ ሐይቁ ተመልሳ ተሸጠች። የሄደች ዕለት አልቅሻለሁ፤ አላፍርበትም። እኔ ግን ሥራዬን ይዤ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ በእጄ ካለፉት ማሽኖች ብዙዎቹን ያበላሻቸው ክፉ ሰው አልነበረም። በጣም የሳሳላቸው ሰው ነው፤ ዝናብ እንዳይነካው ብሎ በላስቲክ አፍኖት፣ እንዳይዝግ ብሎ ቅቤ ቀብቶት። ስለዚህ ካቻቢቴ በፊት የማነሳው ጥያቄ ነው፤ ማን ይንከባከበው ነበር እላለሁ፣ ሳልቆጣ። ሰውም ሳይፈራ ይነግረኛል።

ዛሬ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ከዋጫ የመጣ ገበሬ ፓምፑን መሬት አስቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ግራ ቀኝ አየና “ባለሙያው አልመጣም?” አለኝ። “መጥቷል” አልኩት፤ “እኔ ነኝ።”