የአንድ ስፌት መኪና ባለቤቶች

ያን ጊዜ የዚያ ሰፈር ልጅ ሁሉ ከእንቅልፉ የሚነቃው በስፌት መኪና ድምፅ ነበር፤ ገጭ ገጭ ገጭ ይልና ጨርቁ ሲዞር ጸጥ። ባለ መኪናው ልብስ ሰፊ ለልጅ ሱሪ ሲሰፉ አራት ጣት ያህል ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፈው ስለሚተዉ «ጋሼ ትርፉ» ይባላሉ። ልጁ ቁመት ሲጨምር እጥፋቱን ፈትተው ያስረዝሙለታል፤ ዋጋ ብሎ ነገር የለም።

ዕድሜ አይምሬ ነውና ዓይናቸው ደከመ። ቢሆንም ጎረቤታቸው ልብስ አጣቢዋ ጠዋት ጠዋት ዐሥር የእጅ መርፌ ላይ ክር አስገብታ ትሰካላቸዋለች። «ዐሥሩን ከጨረሱ እጅዎን አጣጥፈው ይቀመጡ፤ እኔ መርፌ አልወልድ» ትላቸዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የእህታቸው ልጅ መጣ። በእጃቸው ያደገ፣ ተምሮ ቢሮ የገባ፣ ልቡም ቅን ነው። አንድ አሮጌ ዕቃ ገዢ አስከትሏል። ገዢው የመሸከሚያ ገመዱን ጭኑ ላይ አድርጎ የደንበኞች አግዳሚ ላይ ተቀመጠ።

ልጁ ነገሩን በለስላሳ አንደበት ጀመረ። አጎቱ ደክመዋልና እሱ ዘንድ ይግቡ። መኪናው ይሸጥና ገንዘቡ ሩቅ አገር ላሉ ሕመምተኛ ሕፃናት መድኃኒት ይሁን። ደግ ሰው የት ቢሰጥ ብዙ ነፍስ እንደሚያድን አስልቶ ነው መስጠት ያለበት፤ ሱሪ ማስረዘም ማንንም ከሞት አያተርፍም።

ጋሼ ትርፉ አልተቆጡም። ሕፃናቱ አንጀታቸውን በሉት፤ የዕለቱን ገቢያቸውን ወስዶ እንዲልክላቸው ነገሩት። ወደ መኪናው ሲመጣ ግን መነጽራቸውን አወለቁ።

«እስቲ ንገረኝ የኔ ልጅ፣ ከዚህ መኪና የቱ ነው የኔ? እግሩ ሲሰበር የበየደው ብረት ሠሪው ነው። መዘውሩን የሚያዞረውን ጠፍር የቆረጠልኝ ጫማ ሰፊው። እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ስከርም አጣቢዋ ናት እየሰፋችበት አንተን ያበላችህ።»

«አጎቴ፣ እኔ እኮ የማወራው ስለ እርስዎ ደግነት ነው።»

«እሱ ላይ ነው የተሳሳትከው። ለብቻዬ ቆጠርከኝ።»

 ልጁ ቀስ ብሎ ኮቱን አወለቀ። «እንግዲያው ገበሩ ተቀዷል» አለ።

ጋሼ ትርፉ ኮቱን ገልብጠው ቀዳዳውን በጣታቸው ለኩት። «ይህን ለብሰህ ነው ዓለምን የምታድነው?»

ገዢው አንዴ ኮቱን፣ አንዴ ልጁን አየ። ገመዱን ጠቅልሎ ተነሣ፤ «ደህና ዋሉ» እንኳ ሳይል ወጣ።