በፍትሐት ቀን የተሰማ ስም

እጅጋየሁ ወደ ፓርላማ የገባችው አንድ ሰው ለመጣል ነው። ይህን እሷ ራሷ ተናግራዋለች፤ በምርጫው ቅስቀሳ ወቅት፣ ዛሪማ ገበያ መካከል ቆማ፣ ድምፅ ማጉያውን ይዛ። መንገድም ውኃም እንደምትጠይቅላቸው ነገረቻቸው፤ የምሄደው ግን ለሌላ ነገር ነው አለች። ሰዉ ነገሩን ያውቀው ስለነበር አላጨበጨበም። ዝም ብሎ መረጣት።

እኛ ጎንደር ቁስቋም ሰፈር ግቢዋ ውስጥ የተከራየነው እትዬ እጅጋየሁ እንላታለን። ከፓርላማ በፊት ጎንደር ከተማ የባዮሎጂ መምህርት ነበረች። አጭር ናት፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ ስትቆጣ ደግሞ ይበልጥ ዝቅ ይላል። እንዲህ ባለ ለስላሳ ድምፅ ውስጥ ያን ያህል ቁጣ እንዴት እንደሚቀመጥ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ታናሽ እህቷ አበቡ የሞተችው በጥር ወር 2012 ነው። ቀጨሞ አምባ የምትባል የደጋ መንደር አግብታ፣ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። ምጥ በያዛት በሁለተኛው ቀን ባሏ አዳሙ የስልክ ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ ላይ ወጥቶ ወደ ወረዳው አምቡላንስ ሾፌር ደወለ። ሾፌሩ መኪናው ሥራ ላይ ነው አለው። ሥራው ሰርግ ነበር። አንዱዓለም የሚባል የወረዳው ሹም ወንድሙን እንፍራንዝ ሲድር አምቡላንሱን ሚዜ እንዲያመላልስ ልኮት ኖሯል። ያዩት ሰዎች በነጩ መኪና አፍንጫ ላይ ቀይ ሪባን ታስሮ ነበር ይላሉ። አዳሙና ጎረቤቶቹ አበቡን በቃሬዛ ተሸክመው ስድስት ሰዓት ሙሉ ወረዱ። ዋናው መንገድ ሳይደርሱ፣ ወንዙ ዳር ላይ፣ እሷም ልጇም አረፉ።

አንዱዓለም ቀብር መጣ። ነጠላውን አደግድጎ ከፊት ረድፍ ቆመ፣ አንገቱን ደፋ። ከዚያ በፊት ቀጨሞ አምባን ረግጧት አያውቅም።

በእኛ አገር የክርስትና ስም የተሸሸገ ነገር ነው። ካህኑ ልጅቱን በሰማንያ ቀኗ ሲያጠምቃት ያወጣላታል፤ እናት ታውቀዋለች፣ የክርስትና እናት ታውቀዋለች፤ መተት የሚሠራ ሰው እንዳይሰማው ተብሎ ከዚያ በኋላ በአደባባይ አይነሣም። በቁርባን ያልተጋባ ባል እንኳ ላያውቀው ይችላል። ስሙ ከተሸሸገበት የሚወጣው በፍትሐት ዕለት ነው። ቄስ ወልደኢየሱስም የዚያን ቀን «ነፍሰ አመትከ ወለተሩፋኤል»፣ የገረድህ የወለተሩፋኤል ነፍስ፣ እያሉ አሰናበቷት። ሩፋኤል የምጥ መልአክ ነው፣ ማኅፀን የሚፈታው። አዳሙ ይህን ሲሰማ እንደ አዲስ መጮኽ ጀመረ፤ በምጥ የሞተች ሚስቱ የማን ስም ተሸክማ ትኖር እንደነበር የገባው ያን ጊዜ ነውና።

በሁለተኛው ሳምንት ከወረዳው ደብዳቤ መጣ። ነገሩ ተጣርቷል፤ አምቡላንሱ መንደሩ ድረስ ሄዷል፤ ቤተሰቡ አናሳፍርም ብሎ መልሶታል ይላል። እጅጋየሁ የመኪናውን የጉዞ መዝገብ ለማየት ጽሕፈት ቤቱ ሄደች። መዝገብ ያዡ ለግለሰብ አይታይም አላት።

«ለማን ነው የሚታየው?»

«ለተቆጣጣሪ አካል።»

«ተቆጣጣሪ አካል ማነው?»

ሰውየው በጣቱ እየቆጠረ ዘረዘረላት። ኦዲተር አለ፣ ዞን አለ፣ ክልል አለ፣ መጨረሻ ላይ የፓርላማ ቋሚ ኮሚቴ አለ። አመስግናው ወጣች። በሚቀጥለው ዓመት ምርጫ ነበር።

ፓርላማ እንደገባች የሴቶች ጉዳይ በሚታይበት ኮሚቴ ውስጥ ተመደበች። ለእረፍት ወደ መራጮቿ ስትመለስ ሴቶችን ወደ አዳራሽ አትጠራም፤ አዳራሽ ውስጥ ባል አለ፣ አማች አለ፣ የቀበሌ ሊቀመንበር አለ። የምታገኛቸው በገበያ ቀን ነው። ሚስት ወደ ገበያ ስትወጣ ወዴት ነሽ የሚላት የለም። በርበሬ ሻጮቹ ረድፍ ውስጥ ዱካ አስጥላ ትቀመጣለች፤ አንዷ ገዢ መስላ ትመጣና በርበሬውን እየነካካች ጉዳይዋን ትነግራታለች። አንድ ጊዜ አብሬያት ሄጄ ነበር። አንዲት እናት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጇ ለየትኛው ቤት እንደታጨች ስትነግራት፣ በእጇ ሚዛኑ ላይ በርበሬ እየጨመረች ነበር። የእናቶች ማረፊያ የተባለው ቤት ማዳበሪያ እንደተከማቸበት የሰማሁትም እዚያው፣ እያስነጠስኩ ነው። እነዚህን ሁሉ እጅጋየሁ አዲስ አበባ ወስዳ ጠየቀች፤ የልጅቱ ሰርግ ቀረ፣ ማዳበሪያውም ወጣ። ማዳበሪያውን ያስቀመጠው ሹም ከቦታው ሲነሣ በስልክ ሰማች፤ «አንድ» አለችና ዘጋች። የምትጠብቀው ግን ሌላ ሰው ነበር።

መዝገቡን ያገኘችው በሦስተኛው ዓመት ነው። የአንድ ወረዳ ብቻ ብትጠይቅ ይጠፋባት ነበር። ስለዚህ ኮሚቴው የዞኑን አምቡላንሶች ሁሉ የጉዞ መዝገብ፣ የብዙ ዓመቱን፣ እንዲያስመጣ አደረገች። ስለ አምቡላንስ አጠቃቀም በአጠቃላይ ነው የምናጠናው አለቻቸው። ቅጂው በካርቶን መጣ። ቅዳሜ ጠዋት እኔ ልብስ ሳሰጣ በረንዳው ላይ ሆና ጠራችኝ፤ አንድ ገጽ ሰጥታ አንብቢው አለችኝ። ጥር 14፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ ቀጨሞ አምባ። ታካሚ፦ ወለተሩፋኤል። ስም ያስመዘገበ፦ ባል። ቤተሰብ አላሳፍርም በማለቱ የተመለሰ። ከሥሩ የአንዱዓለም ፊርማ አለ።

አንብቤ ቀና ስል ፈገግ ብላ ነበር። እንዲያ ያለ ፈገግታ አይቼ አላውቅም፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ግን ደግሞ ያምራል።

«ስሟን እንኳ አያውቀውም» አለች። «አበቡ መባሏን አልጠየቀም። ቀብሯ ላይ ቆሞ የሰማውን ይዞ ሄዶ ሞላው።»

ወረቀቱ ብቻውን እንደማይበቃት ታውቃለች። ባልየው ነው የነገረኝ ሊል ይችላል። ከራሱ አፍ መውጣት አለበት። እሷም ጠበቀች።

ብዙ አልቆየችም። አንዱዓለም ያን ጊዜ ከወረዳ ወደ ላይ እየወጣ፣ ለትልቅ ወንበር ታጭቶ ነበር። መዝገቡ አዲስ አበባ እንደገባ ሲሰማ ሽማግሌ ላከባት። እጅጋየሁ እሺ ማለቷ ሁላችንንም አስደነቀን። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀች፤ እሱ ራሱ እንዲመጣ፣ አዳሙና ቄስ ወልደኢየሱስም እንዲገኙ። ሽማግሎቹ ይህን የመልካም ልብ ምልክት አድርገው ወሰዱት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። እኛ ተከራዮቹ ወንበር እያቀበልን እዚያው ቀረን። የሽማግሎቹ መሪ አያ ዳኛው ናቸው፣ በደጋው ብዙ ደም ያደረቁ ሰው። አምስት ዓመት ማለፉን ቆጠሩላት፣ ስለ ይቅርታ ከመጽሐፍ ጠቀሱ፣ ሰውየው ድንጋይ ተሸክሞ ከደጅ መቆሙን ነገሯት።

«ምነው ልጄ» አሉ፣ «አንቺ የተማርሽ፣ የአገር እንደራሴ የሆንሽ ሴት። እስከ መቼ ትይዥዋለሽ?»

«ይግባ» አለች።

ገባ። ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ ተንበረከከ። ጥሩ ሱፍ ለብሶ ነበር፤ ትከሻው ላይ አቧራ ተበትኗል።

«ከማን ጋር ነው የምትታረቀው?» አለችው።

«ከቤተሰቡ ጋር።»

«የበደልካት ማናት? ስሟን ጥራልኝ።»

ፊቱ ላይ እፎይታ አየሁ። ከባድ ነገር ልትጠይቀው ነው ብሎ ፈርቶ ኖሯል።

«ወለተሩፋኤል» አለ።

አዳሙ ከመቀመጫው ተነሣ።

«ይህን ስም ማን ነገረህ?»

«አንተው ነህ ያስመዘገብኸው» አለ አንዱዓለም፣ ከድንጋዩ ሥር። «መኪናው የመጣ ቀን። መዝገቡ ላይ አለ።»

«እኔ ሚስቴን የማውቃት አበቡ ብዬ ነው። ይህን ስም እኔ ራሴ የሰማሁት መቃብሯ አፍ ላይ ነው።»

እጅጋየሁ ወደ ቄሱ ዞረች። ቄስ ወልደኢየሱስ የመጡት ለሰውየው ሊማልዱ ነው፤ መስቀላቸውን ለሁለቱም ሊያሳልሙ አዘጋጅተው ይዘውታል።

«አባቴ፣ ይህን ስም በሰው ፊት ስንት ጊዜ ጠሩት?»

ቄሱ የተንበረከከውን ሰው አዩት፣ ከዚያ መስቀሉን አዩት።

«ሁለት ጊዜ» አሉ። «ክርስትና ያነሣኋት ዕለት፣ የፈታኋት ዕለት። በመካከሉ ከአፌ አልወጣም። ሕያው ሆና ሳለች በመዝገብ የሚጽፈው ሰው ከየትም ሊያገኘው አይችልም።»

እጅጋየሁ ወረቀትና እስክሪብቶ ከመሳቢያ አወጣች። በፊታችሁ የተባለውን እጽፋለሁ፣ ትፈርማላችሁ አለቻቸው። አያ ዳኛው ቆጣ አሉ።

«ለእርቅ ጠርተሽ ምስክር ታደርጊናለሽ?»

«አልጠራኋችሁም አያ። እናንተ መጣችሁ፤ እኔ በሩን ከፈትኩ።»

አዛውንቱ ሊነሡ ቃጡ፤ ግን ቄሱ ቀድመው ፈርመው ነበር። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉ። በመጨረሻ አያ ዳኛው ራሳቸው አውራ ጣታቸውን ዘረጉ፤ ማንንም ሳያዩ። አንዱዓለም እስከዚያ ድረስ ተንበርክኮ ነበር፤ ተነሥ ያለው ሰው አልነበረም።

«ድንጋዩን ስትወጣ ከአጥሬ ላይ መልሰው» አለችው። «ከዚያ ነው ያነሣኸው፤ በመስኮት አይቼሃለሁ።»

ከኋላ አንዱ ተከራይ ሳቀ፣ ከዚያ ደነገጠ።

የጤና ሪፖርት ለምክር ቤቱ በቀረበበት ቀን እጅጋየሁ ሦስት ደቂቃ ደረሳት። ለዚያ ቀን ማስታወሻ ደብተሯ ላይ የጻፈችው የቀጨሞ አምባን መንገድ ነበር፤ መራጮቿ ሦስት ዓመት የለመኗት ጥያቄ። ያንን ገጽ ገለበጠችው። የሚከሰስ ሰው ስም በስብሰባ አይነሣም፤ እሷም አላነሣችም። መዝገቡን ብቻ አነበበች፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የታካሚዋን ስም። ከዚያ የክርስትና ስም በእኛ አገር መቼ እንደሚሰማ አስረዳች። በቴሌቪዥን ሳያት ድምፅዋ ዝቅ እያለ ሄደ።

«ክብርት አፈ ጉባኤ፣ ከተቀበሩ በኋላ በመዝገብ ላይ አምቡላንስ የተላከላቸው ሴቶች በአገራችን ስንት እንደሆኑ እንዲቆጠር እጠይቃለሁ። አንዷን እኔ ቆጥሬያለሁ።»

ሰነዱን ከሽማግሎቹ ፊርማ ጋር ለሕግ ሰጠች። ሾፌሩ በሁለተኛው ቀን ምርመራ ሁሉንም ተናገረ፤ ሪባኑን ማን እንዳሰረው ሳይቀር። የአንዱዓለም ሹመት ቀረ። የፍርድ ቤቱን እያንዳንዱን ቀጠሮ እጅጋየሁ ከፊት ረድፍ ተቀምጣ ተከታተለች። አንድ ቀን በኮሪደሩ ስታልፍ የአንዱዓለም ሚስት ለልጆቹ ስትይ ብላ እግሯ ላይ ወደቀች። እጅጋየሁ ቀስ ብላ አነሣቻት፣ አቧራዋን አራገፈችላት፣ ከዚያ ወደ ችሎቱ ገብታ እዚያው ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ይህን ሳይ ፈራኋት ብል አልዋሽም። ሐሰተኛ ሰነድ በማዘጋጀትና በሥልጣን አላግባብ በመገልገል ሦስት ዓመት ከስድስት ወር ተፈረደበት።

ከዚያ በኋላ ባለው የገበያ ቀን በርበሬ ሻጮቹ ረድፍ ተቀመጠች። አንዲት ጠና ያለች ሴት ከፊቷ ቆመች፤ በርበሬውን አልነካችም፣ ገዢም አልመሰለችም።

«የእህትሽን ደም መለስሽ፤ ሸጋ ነው» አለች። «የእኛ መንገድስ? ልጄ መስከረም ላይ ትወልዳለች።»

እጅጋየሁ ሰበብ አልፈለገችም። ያን ቀን ስለ መንገዱ ልጠይቅ ነበር፣ ተውኩት አለቻት። ሴትየዋ አየቻት፣ ስድብ የመሰለ ነገር አጉተመተመች፣ ሄደች። እጅጋየሁ ደብተሯን አውጥታ መንገዱንና ልጅቱ የምትወልድበትን ወር ጻፈች።

ከገበያው በእግር ወደ ቀጨሞ አምባ ወጣን። የእጅጋየሁ እናት እማማ ዝናሽ አማቻቸው አዳሙ ቤት ነው የሚኖሩት። አጥሩ ሥር ተቀምጠው እሸት ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር። እጅጋየሁ አጠገባቸው ቁጢጥ አለችና ነገሩን ከመጀመሪያው ነገረቻቸው፤ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ቄሱ፣ ስለ ዳኞቹ። አሮጊቷ እጃቸውን ሳያቆሙ ሰሙ።

«ስንት ፈረዱበት?» አሉ በመጨረሻ።

«ሦስት ዓመት ከስድስት ወር።»

«አነሰ» አሉ እማማ ዝናሽ።

«አዎ እማዬ፣ አነሰ» አለች እጅጋየሁ። ከሰፌዱ ላይ እፍኝ ባቄላ አንሥታ መፈልፈል ጀመረች።