የአባቴ ብራውዘር

ትናንት ቃሊቲ ታክሲ ስጠብቅ ኔትወርኩ ተንቀራፈፈና ስልኬ ላይ ፎቶ መውጣት በነበረበት ቦታ ባዶ ግራጫ ሣጥን ተደቀነ። እሱን ሣጥን ሳይ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ ቁጭ አልኩ።

ያኔ ቤታችን ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነበር። የከባድ መኪና ጡሩምባ ቆርቆሮውን ያንቀጠቅጠዋል፤ ከሰዓት ነፋሱ ሲዞር የሳሙና ፋብሪካው ሽታ ደጃችን ድረስ ይመጣል። አባቴ ከፈትል ፋብሪካ ጡረታ እንደወጣ ስልክ ገዛ። ወንድሜ አፋር በረሃ መንገድ ሥራ ገብቶ ስለነበር በኢንተርኔት ገጹ ላይ ፎቶ ይለጥፋል፤ አባቴ የልጁን ደህንነት በየቀኑ ማወቅ ፈለገ።

«የትኛው ብራውዘር እንደሚሻል አንቺ ታውቂያለሽ» አለኝ።

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች አይደል የሚባለው? ደብተር አስምሬ ሦስት ብራውዘሮችን ሳምንት ሙሉ ፈተንኩ። በምልክታቸው ልጥራቸውና፣ ባለቀለሟ ኳስ ፈጣን ናት፣ ግን ዳታ ትወዳለች። ቀበሮዋ ሥርዓት አላት፣ የአባቴ ስልክ ግን አልቻላትም። ቀይ ቀለበቷ ፎቶ እንዳታወጣ ከታዘዘች ጽሑፉን ዱብ ታደርገዋለች። አሸናፊዋ እሷ ሆነች። ዳታ እንዳይበላ ፎቶውን ዘግቼ ስልኩን ሰጠሁት። ሣጥኑን ሲነካው ፎቶው እንደሚወጣ መንገር ግን ትዝም አላለኝ።

አባቴ ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ዱካ ስቦ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ይከፍታል። የሚያየው ሣጥን ነው። አላውቅም ማለት አፍሮ ይሁን እኔን ላለማሳፈር፣ አንድ ቀንም አልጠየቀኝም። ከሣጥኑ ሥር በአንድ ጣቱ ፊደል እየለቀመ «አምሮብሃል ልጄ» ይጽፋል። በእያንዳንዱ ሣጥን ሥር።

አንድ ቀን ወንድሜ ደወለልኝ።

«አባዬን ምን በድዬው ነው? ወባ ጥሎኝ፣ ግሉኮስ ተሰክቶልኝ የተነሳሁትን ፎቶ ‹አምሮብሃል› ይለኛል? ሁለተኛ አልለጥፍም!»

ክው አልኩ። አባቴ አጠገብ ተቀመጥኩና የእሱን ስልክ ተቀብዬ ሣጥኑን ነካሁት። ፎቶው ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ወጣ፤ መጀመሪያ የክሊኒኩ ግድግዳ፣ ከዚያ የወንድሜ የከሳ ፊት። አባቴ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አየ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ አባዬ» አልኩት እያለቀስኩ።

«አንቺማ ምን አደረግሽ። እኔ ነኝ ሳላይ ያወራሁ።»

በማግስቱ በማለዳ ከቃሊቲ መናኸሪያ ወደ አፋር ተሳፈረ። በሳምንቱ ወንድሜ አዲስ ፎቶ ለጠፈ፤ ሁለቱ ድንኳን ጥላ ሥር ተቀምጠው ሐብሐብ ይበላሉ። ወንድሜ አሁንም አጥንቱ እንደገጠጠ ነው። ከሥሩ አባቴ፣ በዚህ ጊዜ እያየ፣ «አምሮብሃል ልጄ» ብሎ ጽፏል።

አባቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። የትናንቱ ሣጥን ታክሲው ሳይመጣ ተከፈተ፤ ለካ የሶፋ ማስታወቂያ ኖሯል። የአሁኑ ስልኬ ሁሉን ያሳያል፤ እኔም ፎቶ ስለጥፍ ብዙ ሰው አይቶ ይጽፍልኛል። ሳያየኝ አምሮብሻል የሚለኝ ግን የለም።