አትፍጪው እማዬ

ወደ ሞላሌ በሚወጣው አውቶቡስ ከጥሩሸዋ ጎን የተቀመጠው ሰው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። ከጥፍሮቹ ሥር ነጭ ዱቄት ይታያል፤ እጆቹ ከመታጠብ ብዛት ተሰነጣጥቀዋል።

«ምነው ወንድሜ፣ ሰው ታሞብህ ነው?» አለችው።

«አላወቅሁም፣ እቴ። የምሠራው ናይሎን ፋብሪካ ነው፤ እሳት ቶሎ እንዳይዘው ዱቄት እንጨምርበታለን። አሁን የመጣው ዱቄት ከድሮው ይሻላል፣ ጭሱም ያን ያህል አይከፋም ቢሉን ጊዜ ጉዳት የሌለው መሰለኝ። ዱቄቱ የመጣበትን ባዶ ከረጢት ለእናቴ ላክሁላት፣ ገብስ ከተተችበት። አይጥ የማይበሳው አገኘሁ ብላ መረቀችኝ! ትናንት ነው ባለሙያ መጥቶ ዱቄቱ መርዝ ነው፣ ከረጢቱን እህል አይንካው ያለን። ስልክ እኛ ቀዬ አይደርስ።»

አውቶቡሱ ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣል፤ በመስኮቱ ማዶ የታጨደው ገብስ በጉም ውስጥ ተኝቷል።

ጥሩሸዋ ከቋጠሮዋ የገብስ ቆሎ ዘግና ሰጠችው። የሰው እጅ መመለስ ነውር ነውና ተቀበላት። አንዲት ፍሬ ግን አልቀመሰም። ቆሎውን በእጁ ጨብጦ፣ ግንባሩን መስኮቱ ላይ አስደግፎ፣ ሞላሌ እስኪገቡ ድረስ አንድ ነገር ይደጋግም ነበር።

«አትፍጪው እማዬ… መጣሁ፣ አትፍጪው።»