ለሱሉልታ ወተት የተገዛው መፈተሻ

ሥራዬ ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ሌሎች የሠሩትን ማበላሸት ነው እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ሶፍትዌሩ ደንበኛ እጅ ከመግባቱ በፊት እየሞከርኩ ችግሩን ፈልጎ ማግኘት ነው። ቡራዩ ውስጥ አንድ ብረታ ብረት ቤት ፎቅ ላይ ቢሮ ያላት ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ስትቀጥረኝ፣ በዚህ ሥራ ላይ ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም። ከሰበታ ሁለት ታክሲ ይዤ እመጣለሁ፤ ታች ብረት መቁረጥ ሲጀምሩ ጠረጴዛዬ ይንቀጠቀጣል።

ትልቁ ደንበኛችን ሱሉልታ ያለ የወተት አምራቾች ማኅበር ነበር። ገበሬዎቹ ጠዋትና ማታ ወተት ያመጣሉ፣ መዝጋቢዋ ለክታ እኛ በሠራነው የስልክ መተግበሪያ ላይ ታስገባለች። ፕሮግራመሮቹ አንዲት ነገር በቀየሩ ቁጥር እኔ ሁሉንም እንደ አዲስ እፈትሻለሁ። የምፈትሻቸው ነገሮች አንድ ደብተር ሞልተዋል። መተግበሪያው በሁለት ቋንቋ ስለሚሠራ ደብተሩን በአማርኛ ከዳር እስከ ዳር እጨርስና በኦሮምኛ ደግሞ ከመጀመሪያው እነሳለሁ። ሦስት ቀን ይፈጅብኛል።

ይህን ድግግሞሽ በራሱ የሚሠራ መፈተሻ ሶፍትዌር እንዲገዛልኝ ጠየቅኩ። ሥራ አስኪያጃችን ወደ ስድሳ የተጠጉ፣ ከዚህ በፊት የመኪና መለዋወጫ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ እንግሊዝኛ የበዛበት ስላይድ አዘጋጅቼ ቀረብኩ። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ጥሩ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ግን የምትፈትሽው አንቺ ነሽ፤ የቀጠርንሽም ለዚሁ ነው። ታዲያ ይሄ ምን ሊያደርግልን ነው?»

መልሱን ስላይዶቼ ውስጥ ስፈልግ ተነሥተው ወጡ።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ከሱሉልታ ተደወለ። አዲሱን ማሻሻያ ከላክን ወዲህ የማታ ወተት የጠዋት ሆኖ እየተመዘገበ ነው። ያን ማሻሻያ ሦስቱን ቀን ሙሉ ፈትሼ «ምንም ችግር የለበትም» ብዬ የፈረምኩበት እኔ ነኝ። በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ በመኪናቸው ይዘውኝ ሄዱ፤ መንገዱን ሁሉ አንገቴን ደፍቼ ነበር።

የማኅበሩ ግቢ ውስጥ አንድ ረጅም አዛውንት ገበሬ ቆመው ጠበቁን።

«አካም ቡልተን ኦቦ» ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አሏቸው ሥራ አስኪያጁ።

«ነጋ፣ ነጋ» ብለው ሰላም መሆናቸውን ነገሩና አዛውንቱ ወደ አማርኛ ዞሩ። «የእናንተ ስልክ እንደሚለው ከሆነ ላሜ ጠዋት ሁለት ጊዜ ትታለባለች፣ ማታ ማታ እረፍት ላይ ናት።» ፊታቸው ላይ የሳቅ ምልክት የለም። ሥራ አስኪያጄ መሳቅና ይቅርታ መጠየቅ አንድ ላይ መጣባቸው።

መዝጋቢዋ አጠገብ ተቀምጬ እንደ ወትሮዋ እንድትሠራ ለመንኳት። አንዷ ገበሬ ስትመጣ በአማርኛ ትመዘግባለች፤ ቀጣዩ ሲመጣ እዚያው መሀል ላይ መተግበሪያውን ወደ ኦሮምኛ ትቀይረዋለች።

«ለምንድን ነው የምትቀያይሪው?» አልኳት።

«በየቋንቋቸው አብረውኝ እንዲያነቡ ነዋ። ሊትሩን ካሳሳትኩ እዚሁ ይነግሩኛል።»

ስልኩን ተቀብዬ «ማታ» የሚለውን መረጥኩና ቋንቋውን ቀየርኩ። ምርጫው ድምፅ ሳያሰማ ወደ ጠዋት ተመለሰ። የሁሉም ዓይን ሊትሩ ላይ ስለሆነ ማንም አላየውም ነበር። እኔም አንዱን ቋንቋ ሳልጨርስ ወደ ሌላው ተሻግሬ አላውቅም። አፈርኩ፤ ግን ደግሞ የጠፋ ቁልፍ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ፕሮግራመሩ ጋ ደወልኩ፣ ከምሳ በኋላ አስተካክሎ ላከው። የተበላሸውንም መዝጋቢዋ በወረቀት ከያዘችው ላይ አንድ በአንድ አቀናነው።

ስንመለስ፣ የእንጦጦን ቁልቁለት እየወረድን ሥራ አስኪያጁ ጠየቁኝ። «ያ ግዙልኝ ያልሽው ነገር ቢኖር ኖሮ ይህን ያገኘው ነበር?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። «አያገኘውም» አልኩ። «ያልነገሩትን አይፈትሽም። እኔም ልነግረው አልችልም ነበር፤ እንደዚህ እንደሚሠሩ ያወቅኩት ዛሬ ነው።»

«ታዲያ ለምን እገዛዋለሁ?»

«ያመለጠኝ እኮ ቡራዩ ተቀምጬ ያንኑ ደብተር ስደግም ነው። ደብተሩን እሱ ቢይዝልኝ አንዱን ቀን ሱሉልታ ሄጄ ሲሠሩ አያቸው ነበር።»

ከፊታችን የነበረውን የጭነት መኪና ቀደሙ። ከዚያ የፈራሁት ጥያቄ መጣ። «ያኔ አንቺስ ታስፈልጊኛለሽ?»

«ያኔማ ይበልጥ» አልኳቸው። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ ግን የማምንበት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና «ደብተሩን አምጪው፣ እኔ ልሥራው» አሉ። መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ ጀመሩ። ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ማዛጋት መጣባቸው።

«አንዱን መስመር ዘለሉት» አልኳቸው።

«አልዘለልኩም።»

«ዘለዋል፤ ይኸው።»

አዩት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ሳቁም። «ይሄ ሥራማ ሰው ያፈዛል» አሉ። በዚያው ሳምንት የመፈተሻውን የአንድ ዓመት ግዢ ፈረሙልኝ። በየወሩ ያገኘሁትን ያለ ስላይድ፣ ሰው በሚገባው ቋንቋ ልነግራቸው ተስማማን።

መፈተሻውን መጀመሪያ ያስኬድኩት ዕለት ቢሮው በሙሉ ጠረጴዛዬን ከበበው። ስልኩ ማንም ሳይነካው ራሱ እየከፈተ፣ ራሱ እየጻፈ፣ ራሱ እየዘጋ ሄደና ስምንተኛው መስመር ላይ ቀጥ አለ። ያስተማርኩት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱም የእኔ ነበር። ደብተሩን በሙሉ እስኪለምድ ሳምንታት ፈጀብኝ፤ አሁን ሦስቱ ቀን ወደ ግማሽ ቀን ወርዷል።

ማክሰኞ ማክሰኞ ሱሉልታ ነኝ። ባለፈው ሳምንት መዝጋቢዋ እጇ በወተት ሲርስ ስልኩ አልሰማ እያላት በአውራ ጣቷ መገጣጠሚያ ስትጫን አየኋት። ቁልፎቹ እንዲተልቁ ለፕሮግራመሮቹ ጻፍኩላቸው።