የእናቴን ለቅሶ ታክሲ ውስጥ ሰማሁት

ወገኖቼ፣ ለመናገር የምቸኩል ሰው እንዳልሆንኩ ታውቃላችሁ። ዛሬ ግን ጌታ ያደረገልኝን ሳልመሰክር ብቀመጥ ይቆጨኛል። እየተናደድኩ ከተናገርኩም ታገሡኝ።

እናቴ አገር ቤት፣ መቄት ሞታ፣ መርዶው እዚህ ላፍቶ የደረሰኝ ከተቀበረች ከሳምንት በኋላ ነው። ድንኳን ተጣለ። እኔም ደረቴን እየመታሁ እንዲህ አልኩ፦

ባዳ አፈር ሲያለብስሽ፣ ደጅሽ ሰው ሲሞላ፣
እኔ ልጅሽ ቀረሁ፣ ከመንገዱ ኋላ።

ከለቀስተኛው መካከል ኪቦርድ የሚጫወት ጎረቤታችን ነበር። ዜማውን በጆሮው ያዘው። ግጥሙን አክስቴን ጠየቃት፤ እሷም ለአርባዋ አልቃሽ ሊያመጣልን መስሏት አንድ ሳታስቀር አስጻፈችው።

ከወራት በኋላ ታክሲ ውስጥ ሰማሁት። ቀስ ያለ፣ ሆድ የሚያባባ የፍቅር ዘፈን ሆኗል። «አፈር» ያልኩት «ቬሎ» ሆኗል፤ «ልጅሽ» ያልኩት «ውድሽ»። ከላፍቶ እስከ ፉሪ ያለ ሙዚቃ ቤት ሁሉ ያንኑ ካሴት ነበር የሚከፍተው። ሹፌሩ ፊቴን በመስታወት አየና፣ «እህቴ፣ አንቺንም ከድቶሻል እንዴ? ልድገመው?» አለኝ። ተሳፋሪው ሳቀ።

ጎረቤታችን ቤት ሄድኩ። «የእናቴ ለቅሶ ነው» ስለው፣ «ሙሾ ደግሞ ባለቤት አለው እንዴ፣ እቴ? አገር በእናትሽ እያለቀሰ ነው፤ ይልቅ ደስ ይበልሽ» አለኝ።

ደስ ይበልሽ አለኝ፣ ወገኖቼ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእናቴ ማልቀስ አቃተኝ። አፌን ስከፍት የሚመጣብኝ ቬሎው ነው። ጉሮሮዬ ታነቀ፣ እህል አልወርድ አለኝ። ሐኪሙ መርምሮኝ፣ «ጉሮሮሽስ ጤነኛ ነው፤ ይልቅ ማን አስቀየመሽ?» አለኝ።

አከራዬ እህት አስናቀች ቤቷ ከሚጸልዩት ጋር አስቀመጠችኝ።

«ጸልዪ» አለችኝ።

«ተናድጃለሁ።»

«እንግዲያው እሱኑ ንገሪው።»

ተንበርክኬ፣ «ጌታ ሆይ፣ እናቴን ወሰድክ፤ ለቅሶዋን ደግሞ ለሙዚቃ ቤት ለምን ሰጠህብኝ?» አልኩት። ማንም ዝም በይ አላለኝም። ያን ጊዜ ያለ ዜማ፣ ያለ ግጥም፣ «እማዬ» የሚል ድምፅ ወጣኝ። እንባዬ ወረደ፣ ጉሮሮዬ ተከፈተ። በዚያው ዕለት ጌታን ተቀበልኩ። ስሙ ይባረክ።

አንዳንዶቻችሁ፣ «ዘፈኑም ለበጎ ነበር በይ» ትሉኛላችሁ። አልልም። በደል ነው። ይቅር የምልበትን ልብ ገና እየለመንኩ ነው፤ ጌታም አልቸኮለብኝም። ዛሬ ግን እህል ይወርድልኛል፣ እናቴንም በስሟ ጠርቼ አለቅሳለሁ። ክብሩን እርሱ ይውሰድ።

እናንተም ቁጣችሁ እስኪበርድ ብላችሁ ደጅ አትቁሙ። እንደተቆጣችሁ ግቡ፤ እርሱ ይሰማል።