በዘይት የለሰለሱት ብሬከሮች

የእህቴን ባል አልወደውም። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ ኋላ ስለ እሱ ደግ ነገር ያወራሁ ከመሰላችሁ ሳላውቅ አምልጦኝ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ከጀርባው “ባትሪ” እያልን እንጠራዋለን፤ ከሸሚዝ ኪሱ የማትለይ ቀጭን የእጅ ባትሪ አለችው። እንግድነት በሄደበት ቤት ገና ሰላምታ ሳይሰጥ ዓይኑ ግድግዳ ለግድግዳ ይንከራተታል። የብሬከር ሳጥኑ ያለበትን ካገኘ በኋላ ነው የሰው እጅ የሚጨብጠው። በሠርጉ ዕለት እንኳ ጠፍቶብን ስንፈልገው ከአዳራሹ ጓዳ ሳጥን ከፍቶ ሲያፈጥ አገኘነው። ሙሽራ ሆኖ!

ሥራው የኤሌክትሪክ ፍተሻ ነው። ሱቅ፣ ክሊኒክና ወርክሾፕ እየዞረ መስመር ይለካል፤ ካላማረው ያዘጋል። ልጅ ሳለ በሚኖሩበት የኪራይ ፎቅ እሳት ተነሥቶ ጎረቤቶቹ እንዳለቁ እህቴ ነግራኛለች። እሱ አንድም ቀን አንሥቶት አያውቅም። ይህን ስሰማ ላዝንለት ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ሐዘኑን እንደ ዱላ ይዞ ለሚዞር ሰው ማዘን ይከብዳል። ወዳጅ የሚባል የለውም። ሱቁን ያዘጋበት ዳቦ ጋጋሪ መንገድ ላይ ሲያየው ምራቁን ይተፋል፤ እሱ ግን “እንደምን ዋሉ” ብሎት ያልፋል፤ ይሄኛው ነገሩ ደግሞ ይባስ ያበሽቀኛል።

አባቴ የድሮ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። አሁን ጉልበቱ ስለደከመ ከእኔ ጋር፣ ልብስ ከማጥብበትና ከምተኩስበት ሱቅ ጀርባ ባለችው ክፍል ይኖራል። የሱቁን መስመር የዘረጋው እሱ ነው፤ በሰፈሩም እጁ ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው። ከዕድሜ ልክ ሥራው የተረፈው ስሙ ብቻ ነው። “የአባባ ሥራ ነው” ከተባለ ማንም ሌላ ጥያቄ አይጠይቅም። ያን ሁሉ ዓመት ታዲያ ባትሪን የሱቁን ሳጥን አስነክቶት አያውቅም።

ትልቅ የልብስ ማድረቂያ ላስገባ ስል መስመሩ ይፈተሽ ተባለ። የተላከው ሰው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ባትሪ።

“ሌላ ፈታሽ ጠፋ?” አልኩት በሩ ላይ ተገትሬ።

“ሞልቷል። እኔ ልሂድ ብዬ ነው።”

“ልታዋርደን?”

“ሌላ ሰው ቢመጣ የእኔ ዘመድ መሆንሽን ሰምቶ ሳያይ ይፈርምልሻል” አለና በጎኔ ሾልኮ ገባ።

አባባ ቀድሞት ሳጥኑ ፊት እጁን አጣምሮ ቆሟል። ዓይኑ ደም ለብሷል። “አሮጌ ናቸው ብለህ ልትነቅላቸው ነው አይደል የመጣኸው?”

“አሮጌ መሆን ወንጀል አይደለም አባባ። መጀመሪያ ምን እንደሆኑ ልያቸው።”

አባባ እያጉተመተመ ዘወር አለለት። የዛሬዎቹ ብሬከሮች ነጭ ናቸው፤ ከአምፔሩ ቁጥር ፊት የተጻፈች ፊደል ዓይነታቸውን ትናገራለች። የአባባዎቹ ግን ጥቁርና ድልብ ናቸው፤ ጽሑፋቸው ከመዳበስ ብዛት ተፍቋል። ባትሪ መብራቱን ፊት ለፊት አላበራባቸውም። ከጎን አስጠግቶ አጋደመውና የጠፋው ቁጥር በጥላው ብቅ አለ። አንድ በአንድ እንዲህ አያቸው፤ ሽቧቸውንም እየተከተለ ውፍረቱን መረመረ።

“ፊደሉ ከመምጣቱ በፊት የነበሩ ናቸው” አለ። “ደህና ዕቃ ነው። ሽቦውም ለአምፔሩ ይመጥናል። አሠራርዎ ንጹሕ ነው አባባ።”

ከእሱ አፍ ምስጋና ሲወጣ የሰማሁት ያን ቀን ነው። አባባ ደረቱን ነፋ፤ እኔም ሳልወድ በግዴ ፈገግ አልኩ።

“መግጠም ብቻ መሰለህ?” አለ አባባ። “እንክብካቤ ነው! በየጊዜው የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ጠብ አደርግባቸዋለሁ። እስቲ ንካው፣ ቅቤ ነው! አንዱም እስከ ዛሬ ወድቆብን አያውቅ።”

ባትሪ ጣቱን ከብሬከሩ ላይ አንሥቶ አሸተተው። ፊቱ ተለዋወጠ።

ዋናውን መስመር አጥፍቶ አንዱን ብሬከር ነቀለ። መኪናው ላይ ከጫናት ጄኔሬተር ገመድ ስቦ ከመሞከሪያ መሣሪያው ጋር አገናኘው። ብሬከር መስመሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ራሱ ወድቆ ኃይሉን ማቋረጥ አለበት፤ አለዚያ ሽቦው ይግላል፣ ይግላል፣ ከዚያ ግድግዳው ነው የሚቃጠለው። ይህን ለማወቅ ፈታሽ መሆን አያስፈልገኝም፤ የማን ልጅ ሆኜ! ባትሪ ጭነቱን ለቀቀበት። ጠበቅን። የተቃጠለ ዘይት ሸተተን እንጂ ብሬከሩ ንቅንቅ አላለም። ባትሪ ራሱ አቋረጠው። ሁለተኛውም አልወደቀ። ሦስተኛውም።

“የተበላሸው የአንተ መሣሪያ ነው!” ጮኸ አባባ።

“ይሁን። እርስዎ ይምረጡልኝ።”

አባባ ሳጥኑን ዳበሰ። ከታች ጥግ፣ የውሃ ቧንቧው የጋረዳት አንዲት ነበረች፤ አቧራ ለብሳለች። “ይቺ እጄ አይደርስባትም፤ ዘይት ቀምሳ አታውቅም” አለ። “እሷ እንኳ አትረባም፤ ግን ሞክራት።”

ጭነቱ በተለቀቀ በቅጡ ሳንተነፍስ ቋ! ብላ ወደቀች።

“ድገማት” አለ አባባ።

ደገማት። ወደቀች።

“ዘይቱ አቧራና የልብስ ብናኝ ሰብስቦ ውስጣቸውን አጣብቆታል” አለ ባትሪ፤ ድምፁን ዝቅ እንኳ አላደረገም። “በእጅ ሲነኩ ይለሰልሳሉ። ራሳቸው መውደቅ ሲገባቸው ግን አይወድቁም። የተረፈችው ያልቀቧት ናት።”

“ቀስ አድርገህ መናገር አታውቅም?” አንባረቅሁበት። ትክክል መሆኑ ነው ይበልጥ ያስጠላኝ። አባባ ያልተተኮሰ ልብስ የተቆለለበት ቅርጫት ላይ ዘጭ ብሎ ተቀምጧል፤ ቅስሙ ተሰብሯል፤ ይኸኛው ደግሞ እሱን ትቶ ገመዱን ይጠቀልላል።

“ሌላ የት ቀብተዋል?”

አባባ መዳፉን በሱሪው ጠረገ።

“አባባ፣ ሌላ የት?”

“በሠራሁበት ሁሉ” አለ አባባ። “በነፃ። እየዞርኩ።”

“ይነሡ እንሂድ።”

በሩን ዘግቼ መሐላቸው ቆምኩ። “አንተ ሂድና ንገራቸው! ሥራህ አይደለም እንዴ? በስተርጅና ቤት ለቤት እየዞረ አጥፍቻለሁ ይበል? ይኸው ያለችው ስሙ ናት፤ እሷንም ልትወስድበት ነው?”

ባትሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየኝ። “እኔን ማን ያምነኛል?” አለ። “ስመጣ በር ይዘጉብኛል። እሳቸውን ያምናሉ። እሳቸው ተሳስቻለሁ ካሉ ዛሬውኑ መብራታቸውን ያጠፋሉ፤ እኔ ካልኩ ግን ለነገ ይሉታል።”

አፌ ውስጥ ስድብ ሞልቶ ነበር፤ ግን ከበሩ ዘወር አልኩ። አባባ ቅርጫቱን ተደግፎ ተነሣ። “ከሕፃናት መዋያው እንጀምር” አለ። ተከትያቸው ወጣሁ። ባትሪ ከፊት፣ አባባ ከኋላ።

የሕፃናት መዋያውን ቤቷ ውስጥ የምታስተዳድረው ሴት በሩን ስትከፍት ፊቷ በራ። “አባባ! እግዜር ነው ያመጣዎት! የጓዳው ብሬከር ጠጠር ብሎብኛል፤ ትንሽ ዘይት ጠብ ያድርጉልኝ።” ከኋላዋ፣ መጋረጃው በተጋረደበት ክፍል፣ ልጆቹ ፍራሽ ላይ ተደርድረው የቀን እንቅልፋቸውን ተኝተዋል።

አባባ ወደ ባትሪ ዞረ። አንዲት ቃል እንዲያግዘው ዓይኑ ለመነው። ባትሪ ግን ዓይኑን ግድግዳው ላይ ያንከራትታል። ያን ጊዜ ብነክሰው ደስ ባለኝ።

“ልጄ” አለ አባባ፣ “ብሬከሮቹን ያበላሻቸው ዘይቱ ነው። ያበላሸኋቸው እኔ ነኝ።”

ሴትዮዋ ሳቀች። “ኧረ ምን ይላሉ አባባ! የእርስዎ ሥራ እኮ ነው፤ እኔ ለሰው ሁሉ የምናገረው! ይልቅ ግቡ፣ ምነው በር ላይ ቆማችሁ?”

“ልጆቹን ቀስቅሽና አውጫቸው።”

ሴትዮዋ አሁንም እየሳቀች አባትሽ ምን ነካው በሚል ዓይን አየችኝ። አባባ መልሴን አልጠበቀም። ገፍቷት ገባ፤ ጎንበስ አለና ከፍራሹ ላይ የመጀመሪያውን ልጅ አነሣ።